ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

በዚህ የሂስ ዓምድ እስካሁን አብረን ያነበብነው ግጥምና አጭር ልብ ወለድ ነበር። ዛሬ የማቀርብላችሁ ግን የመንግሥታት ንግግርና የሰላም ስምምነት ነው። ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። ከሥነ ጽሑፍ አልወጣሁም፤ እንዲያውም የማነሣው ጥያቄ ከእናንተው ግጥም የመጣ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የወጣቶች ፕሮግራም አብቅቶ፣ ከልደታ ማርያም አካባቢ ተነሥተን ወደ ሜክሲኮ በእግር እንሄድ ነበር። በቦርሳዬ ለመጽሔታችን የተላኩ ከሃያ በላይ ግጥሞች ይዣለሁ። ርእሱን «ሰላም» ብለን የሰጠነው እኛው ነን። የአፍሪካ ኅብረት ረጅሙ ሕንፃ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ብቅ ሲል አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የሚጽፉት?» አለችኝ።

«ብዙውን ጊዜ ስለ ሰላም» አልኳት።

«እንደኛ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ማታ ግጥሞቹን ዘርግቼ ሳነብ ግን ሳቁ ቀረ። በአብዛኞቹ ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ቤት ይቃጠላል፣ እናት ትፈናቀላለች፣ ልጅ ይወሰዳል። ማን አፈሰሰው? ማን አቃጠለው? ማን ወሰደው? ግጥሙ አይናገርም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሰላም ይመጣል፤ እሱንም ማን እንደሚያመጣው አይነገረንም። ዝናብ እንደሚመጣ ይመጣል።

የሰዋስው መምህሮቻችን ለዚህ ጥሩ ቃል ትተውልናል። ድርጊቱን የሚፈጽመውን «ባለቤት» ይሉታል። ቤት ሲሠራም ሲፈርስም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። «ገደለ» የነበረውን ግስ «ተ» ጨምረን «ተገደለ» ስንለው ግን የባለቤቱን ወንበር ሟቹ ይይዝና ገዳዩ በጓሮ በር ይወጣል። ተገብሮ ግስ በራሱ ነውር የለበትም፤ ገዳዩን በእውነት ካላወቅነው ሌላ ምን እንላለን? የሚያስቸግረው እያወቅን ስንሸሸግበት ነው።

ስለዚህ የልጅቷን ጥያቄ በቁም ነገር ወሰድሁት። መንግሥታት ጦርነትን ለመከላከልና የተነሣውንም ለማስቆም በጋራ ከጻፏቸውና ከተናገሯቸው ጥቂቶቹን ከእናንተ ግጥሞች ጎን አስቀምጬ አነበብሁ። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ የት አለ?

በመጀመሪያ ስለ መሬቱ። ዛሬ የኅብረቱ ሕንፃ የቆመበት ስፍራ ቀድሞ ከርቸሌ የምንለው ወህኒ ቤት ነበር። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ያውቁታል። በውስጡ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት ነበረ። ስሙን ልብ በሉት፤ «በቃኝ» የሚል ሰው አለ፤ ተናጋሪው አልጠፋም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ መንግሥት ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ገደለ፤ አብዛኞቹን የረሸነው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ከተገደሉት አንዱ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ። የዚያ ድርጅት ወራሽ ዛሬ ስብሰባውን የሚያካሂደው እሳቸው በወደቁበት መሬት ላይ ነው።

ቻይና በስጦታ ያሠራችው አዲሱ ሕንፃ የተመረቀው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው። ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፤ የአፍሪካ መሪዎች ኅብረቱን ለመመሥረት የወሰኑበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. 9/9/1999ን፣ እንዲያስታውስ። (እንዲህ ያለውን የቁጥር ጨዋታ በግጥማችሁ ብታመጡት አሰርዛችሁ ነበር።) በግቢው ውስጥ ደግሞ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ቆሟል። ንባባችንን ከእሳቸው እንጀምር፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ ከተነገሩት ሁሉ ክብደት ያለውን የተናገሩት እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ቀኑ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ጄኔቭ። የመንግሥታቱ ማኅበር የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀዳሚ ነበር። አባሎቹ አንዱ ሲጠቃ ሌሎቹ ሊደርሱለት ቃል የተገባቡበት ማኅበር ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ገብታበታለች፤ ጣሊያንም አባል ነበረች። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ጥሳ ስትገባ ማኅበሩ ወራሪዋ እሷ መሆኗን ወሰነ፤ ማዕቀብም ጣለባት። ዳሩ ግን ነዳጅን ከማዕቀቡ ዝርዝር ውጭ ተወው፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ለመናገር ሲቆሙ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ሁለት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር።

ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። ገና ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አወኩት፤ ፖሊስ እስኪያስወጣቸው ድረስም ዝም ብለው ቆሙ።

ንግግሩን ስታነቡት ቁጣ ትጠብቁ ይሆናል። መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ግን ቆጠራ ነው። የመርዝ ጋዙ አመጣጥ በደረጃ ይነገራል። መጀመሪያ የጣሊያን አውሮፕላኖች የሚያስለቅስ ጋዝ የያዘ ቦምብ ጣሉ፤ ወታደሩ መበተንን ተማረና ጉዳቱ አነሰ። ቀጥሎ የሰናፍጭ ጋዝ በበርሜል አወረዱ፤ እሱም የፈለጉትን ያህል አልሆነላቸውም። በመጨረሻ አውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ገጠሙ። ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ በመብረር የማይቋረጥ ጭጋግ ሠሩ። ጊዜው ተነግሯል፤ ከጥር ወር 1928 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ። ያረፈበትም ተነግሯል፤ ወታደር ብቻ ሳይሆን ሴት፣ ሕፃን፣ ከብት፣ ወንዝ፣ የግጦሽ ሣር። ይህን ያዘዘው ማን እንደሆነም በግልጽ ተቀምጧል፤ የጣሊያን ጦር አዛዥ ክፍል ነው። አዛዡ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ሳይቀር ተነግሯል፤ ሽንፈት ፈርቶ።

እስቲ ይህን ከ«ደም ፈሰሰ» ጋር አስተያዩት። ሐዘኑ ያነሰ ይመስላችኋል? እኔ እንደማነበው ሐዘኑን የያዘው ያ ቁጥር ነው። ዘጠኝ ብሎ አሥራ አምስት ሲል፣ አሥራ አምስት ብሎ አሥራ ስምንት ሲል፣ ሰማዩ እየጠበበ ሲመጣ ይታያችኋል። ተናጋሪው «አሰቃቂ» የሚለውን ቃል እየደጋገመ ልባችንን አይጎተጉትም።

አንድ ሌላ ዝርዝር አለ፤ ሳነበው ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ከጂቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ለኢትዮጵያ ጦር የሚሆን ዕቃ እንዳያመላልስ በተግባር እንቅፋት ሆኖብን ነበር ይላሉ። ያው ባቡር አሁን ለወራሪው ጦር ዋናው የስንቅ መንገድ ሆኗል። አንድ ባቡር፣ አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ጌታ። ስለ ገለልተኛነት ብዙ ገጽ የጻፉ አሉ፤ የዚህን ያህል ግልጽ አድርጎ የነገረኝ የለም።

እንከን የለውም አልልም። ስለ ውሎችና ስለ ዲፕሎማሲ የሚተርከው ክፍል ረዝሟል፤ ለሕግ ሰው ካልሆነ በቀር ያደክማል። ስለ ቤታችን ጉድለትም ዝም ይላል። ከሳሽ ሆኖ የቆመ ሰው ያንን ይናገር ማለት ይከብዳል፤ ቢሆንም አንባቢ ዝምታውን ማየት አለበት።

መዝጊያው ግን ለማንኛውም ደራሲ ትምህርት ነው። በአዋጅ አይዘጋም። በጥያቄ ነው የሚዘጋው፤ ሊረዱን ቃል የገቡት ሃምሳ ሁለቱ መንግሥታት ምን ሊያደርጉ እንደሚፈቅዱ ይጠይቃል፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብሎ ይቆማል። አሁን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤቶች አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሆኑ። መልሱም ዘግይቶ አልመጣም። ከአራት ቀን በኋላ ጉባኤው ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ። ኢትዮጵያ የጠየቀችው ብድርም ከራሷ ድምፅ በቀር ደጋፊ አላገኘም።

ከጄኔቭ ወደ ልደታ የሚያመጣን መንገድ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ያው ንጉሠ ነገሥት ባስተናገዱት ጉባኤ 32 አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። ከቻርተሩ መርሆዎች አንዱ አንዱ አገር በሌላው የውስጥ ጉዳይ አይገባም የሚል ነበር። ትናንት ከቅኝ ገዢ እጅ የወጣ አገር ይህን ቢጽፍ አይፈረድበትም። ግን ይህ መርህ በተግባር ምን ሆነ? ጎረቤት ቤት ውስጥ ጩኸት ሲሰማ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ በር መዝጋት ሆነ። የከርቸሌ ግድያ የደረሰው የዚህ ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት ከተማ ነው፤ በዚያው ከተማ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት። በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ በመቶ ቀናት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲታረዱ ግን «የውስጥ ጉዳይ» የሚለው ቃል አፍ ላይ አልቀመጥ አለ።

የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕግ በሐምሌ 1992 ዓ.ም. ሎሜ ላይ ሲጸድቅ ይህን ታሪክ ተሸክሞ ነው። አራተኛውን አንቀጽ አንብቡት። በሰባተኛው ተራ የድሮው መርህ አለ፤ አባል አገሮች አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ አይገቡም። ወዲያው በስምንተኛው ተራ ሌላ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል፤ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ በመሪዎች ጉባኤ ውሳኔ ጣልቃ የመግባት መብት አለው። ሁለቱ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች በአንድ አልጋ ተኝተዋል።

ስምንተኛው ተራ ባለቤት አለው፤ ኅብረቱ ነው። ለአፍሪካ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን ማሳነስ አልፈልግም። ሆኖም ማሰሪያውን ተመልከቱ፤ «መብት አለው» ይላል። ግዴታ አለበት አላለም። «ጎረቤቴ ሲደበደብ የመጮህ መብት አለኝ» ብላችሁ «እጮኻለሁ» ከሚለው ጎን አስቀምጡት። የመጀመሪያውን የተናገረ ሰው ዝም ቢልም አልዋሸም።

ቃሉ የተፈተነው በቡሩንዲ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ፣ አሥራ አምስት አባላት ያሉትና ሥራውን በግንቦት 1996 ዓ.ም. የጀመረው ምክር ቤት ማለት ነው፣ 5,000 ሰው ያለው ኃይል ወደ ቡሩንዲ እንዲሄድ ፈቀደ። የቡሩንዲ መንግሥት ከመጡ እንደ ወራሪ እንቆጥራቸዋለን አለ። በጥር ወር መሪዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ኃይሉን ላለመላክ ወሰኑ። መብቱ እንዳለ ተቀመጠ።

የሌላ ዓይነት ጽሑፍ ደግሞ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እጅ ስላለበት ለእናንተ ሳላነሣው አላልፍም። የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን ታጣቂዎች የተፈራረሙት ስምምነት ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የቆየውን ጦርነት አስቆመ። ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት የደከሙት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው። ውይይቱን በሰብሳቢነት የመሩት የጉባኤው ዋና ጸሐፊ የነበሩት ላይቤሪያዊው ቄስ በርጀስ ካር ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥላ ሆኗቸው።

ይህ ሰነድ ውበት የለውም። አሥር ጊዜ ብታነቡት አንድም የሚጠቀስ ሐረግ አታገኙበትም። ግን በደቡብ የሚሰፍረው ጦር 12,000 ይሁን፣ ከዚያ ውስጥ 6,000ው ከደቡብ ተወላጆች ይምጣ ይላል። ስደተኛን የሚመልስና የሚያቋቁም ኮሚሽን ያቋቁማል። «ይታመኑ፣ ይዋደዱ» ከማለት ይልቅ ትናንት የተታኮሱ ሰዎች በአንድ ሰፈር ስንት ለስንት ሆነው እንደሚያድሩ ጻፈ። ፍቅርን ማዘዝ ስለማይቻል ማዘዝ የሚቻለውን ያዘዘ ጽሑፍ ነው፤ ለዚህ እወድደዋለሁ። (ያው መንግሥት የጎረቤቱን ጦርነት ሲያስታርቅ በኤርትራ የራሱ ጦርነት አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ይህም መነገር አለበት።)

አሁን ወደ እኛው ዘመን።

የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጀመረ። ትግራይን፣ አማራንና አፋርን አዳርሶ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ ግጭት የማቆም ስምምነት ፈረሙ። አደራዳሪው የአፍሪካ ኅብረት ነበር፤ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ። ከመካከላችሁ ስልክ ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ የአያቱን ድምፅ የሰማ አለ። ስለዚህ ይህን ወረቀት በንቀት አላነበውም። መድፉን ዝም ያሰኘ ጽሑፍ ነው።

በጥንቃቄ ሳነበው ግን አንድ ነገር አየሁ። ስለ መሣሪያ የሚናገሩት አንቀጾች ባለቤትም ቀንም አላቸው። የሁለቱ ወገን አዛዦች በ24 ሰዓት ውስጥ የመገናኛ መስመር ይከፍታሉ። በአምስት ቀን ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ከባድ መሣሪያ በአሥር ቀን፣ አጠቃላዩ ትጥቅ ማስፈታት ከፊርማው ቀን አንሥቶ በ30 ቀን። ቀኑ መጠበቁ አለመጠበቁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዘገየ ለማለት የምንችለው ቀን ስላለው ነው።

ወደ ተፈናቃዮች ስንመጣ ግን ቋንቋው ይለወጣል። መንግሥት ተፈናቃዮችና ስደተኞች የሚመለሱበትን መንገድ ያመቻቻል ይላል፤ መሬት ላይ ያለው ሁኔታ ታይቶ፣ የጸጥታው ሁኔታ በፈቀደ ጊዜ። ሰዋስዉ መንግሥትን ባለቤት ያደርገዋል፤ ፈቃጁ ግን «ሁኔታ» ነው። ሁኔታ ማን ነው? ቢሮው የት ነው? አንዲት እናት በመጠለያ ድንኳን ሦስተኛ ክረምቷን ስትገባ ማንን ትጠይቅ? ክላሽንኮቩ 30 ቀን ተቆርጦለታል። እሷ አንድም ቀን አልተቆረጠላትም።

ሌላም አለ። ይገባኛል ስለሚባልባቸው አካባቢዎች ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ይላል፤ የአንድም ስፍራ ስም አይጠራም። ከአሥር ቀን በኋላ አዛዦቹ ናይሮቢ ላይ የፈረሙት ሰነድ ከባድ መሣሪያ የሚፈታው የውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ሠራዊት ውጭ ያሉ ኃይሎች ከመውጣታቸው ጎን ለጎን ነው ይላል። የየትኛው አገር ኃይሎች? የየትኞቹ ታጣቂዎች? አንባቢው ያውቃል፤ ወረቀቱ አያውቅም። አደራዳሪ ያልሆንሁ ሰው «ስሙን ቢጽፉት ማን ይፈርም ነበር?» የሚለውን መልስ ሳልዘነጋ ነው ይህን የምለው። አንዳንዴ ዝምታ የፊርማ ዋጋ ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን ፈራሚው አይደለም።

ስምምነቱ ዓመት ሳይሞላው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዐወጀ። (መጀመሪያ «ታወጀ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝሁት።) ከኅብረታችን ወላጆቻቸው ጎጃምና ወሎ ያሉባቸው ልጆች በጸሎት ሰዓት የሚያነሡትን ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ ሊያቆመኝ ይገባል። «ጄኔቭ ላይ ሁሉም በስሙ ተጠርቶ ነበር፤ ምን ጠቀመ? አዲስ አበባ ላይ 6,000 ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ፈራሚው ኒሜሪ ራሱ በ1975 ዓ.ም. ደቡቡን ሦስት ቦታ ከፍሎ ስምምነቱን አፍርሶት የለም ወይ? የአልጀርሱስ ስምምነት? ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል ብለው ፈረሙ፤ ኮሚሽኑ በ1994 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2010 ድረስ ጦርና ሰላም ባልሆነ ነገር ውስጥ አልኖርንም ወይ?»

እውነት ነው። ባለቤት ያለው ዓረፍተ ነገር ጥይት አያቆምም። ይህን ብዬ አላታልላችሁም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያን የጋዙን ነገር ለአሥርተ ዓመታት ስታስተባብልና ስታድበሰብስ ኖረች፤ መዝገቡን የመረመሩ የገዛ አገሯ ታሪክ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ እንደ ዋሾ ተቆጠሩ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር መርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከንግግሩ 60 ዓመት በኋላ! ስድሳ ዓመት ሙሉ ያ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን እየጠበቀ ቆሞ ነበር። «በጦርነቱ ብዙ ሰው ተጎዳ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው ማንም፣ የሚያምነውም ምንም አልነበረም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ከመጀመሪያው የሚብስ። ባለቤት አምጡ ስላችሁ በችኮላ «እነሱ» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ከሃያ ምናምኑ ግጥሞች ሦስቱ ባለቤት ነበራቸው፤ ባለቤቱም አንድ ሙሉ ሕዝብ ነበር። ሁለቱ አንዱን ብሔር፣ አንደኛው ሌላውን። አንዱንም አላተምንም። አንድ መንደር ያቃጠለው አንድ አዛዥ፣ አንድ ጭፍራ፣ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሕዝብ መንደር አያቃጥልም፤ ሕዝብ ክብሪት የሚጭርበት እጅ የለውም። ባለቤቱን ይህን ያህል ማስፋት ጨርሶ ከማጥፋት አይለይም፤ ሚሊዮኖች ከተከሰሱ እውነተኛው አድራጊ በመካከላቸው ተደብቆ ያመልጣል። በዚህም የጄኔቩን ንግግር ተመልከቱ፤ ከሳሹ የጣሊያንን መንግሥትና የጦር አዛዥ ነው የሚከስሰው። ያው ተናጋሪ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡ በቀሩት ጣሊያናውያን ላይ እንዳይበቀል ያዘዙት ክሱ መጀመሪያውኑ ጠባብ ስለነበረ ይመስለኛል።

ወደ ግጥሞቹ ልመለስ። ከተገብሮ ግሶቹ በታች በእርሳስ አስምሬ፣ አጠገባቸው «ማን?» ብዬ ጽፌ መለስኋቸው። አንዳንዶቻችሁ ተቀይማችሁ እንደነበር ሰምቻለሁ። ያች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግጥሟ አክስቷ ልጆቿን ይዛ ከቤቷ ስለ ወጣችበት ሌሊት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አስተካክላ አመጣችው። ደውላ አክስቷን ጠይቃታለች።

በአዲሱ ግጥም ውስጥ በሌሊት በሩን የከፈተች ጎረቤት አለች፤ ስሟ ተጠርቷል። ከነልጆቿ ጭኖ ያወጣት፣ ሂሳብ አልቀበልም ያለ የአይሱዙ ሾፌር አለ። በመጠለያው መጥቶ በሚቀጥለው ወር ትመለሳላችሁ ያለ ሰውም አለ፤ ሥልጣኑ ተጽፏል፣ የተናገረበት ወርም ተጽፏል። አንዱ ስንኝ ግን እንደ ነበረ ነው፤ ቤቱ «ተቃጠለ» ይላል፤ የእኔም «ማን?» ከነእርሳሱ አጠገቡ አለ።

«ይህንንስ?» አልኳት።

«አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሮጥ ነበር። አላየችም» አለችኝ።

እርሳሱን ላጲስ አምጥቼ አጠፋሁት። ግጥሙ በዚህ እትም አለ፤ ስንኙም እንዳለ ነው።